ጥሩምባው፣ ታፔላውና የሻሼ ቅቤ

በእኛ ጊዜ ሱቅ የሚከፍት ሰው መጀመሪያ የሚሸጠውን ነገር ነበር የሚያዘጋጀው፤ እናንተ መጀመሪያ ፎቶ ትነሳላችሁ። አትሳቂ ማርታ፣ አንቺን እኮ ነው የምልሽ። ትናንት መናኸሪያው ጋ ስወርድ ቀና ብል ምን አያለሁ? የገዛ የልጅ ልጄ ፊት፣ በር የሚያህል ፊት፣ ላስቲክ ላይ ታትሞ ከግንቡ ተንጠልጥሏል፣ አንዱ ጥርስ ብቻ የእኔን መዳፍ ያህላል፣ እና ሰው ሁሉ ሻንጣውን ተሸክሞ በሥሩ እየተጋፋ ያልፋል፣ አንድም ቀና የሚል የለም። «ማርታ ባልትና» ይላል አሉኝ። በርበሬው የታለ? ብል በርበሬው ገና አልተዘጋጀም። ሽሮውስ? ሽሮውም ገና ነው። ታዲያ ምንድን ነው የምትሸጪው፣ ጥርስሽን?

እሺ፣ እሺ፣ አልቆጣም። ምክር ስጪኝ ብለሽ ነው የመጣሽው፤ ምክር የለኝም፣ የአያትሽ ነገር ግን አለኝ። እሱን እነግርሻለሁ፣ የሚጠቅምሽን ከውስጡ ልቀሚ። የምትቀጂበትን ስልክ እዚያው ጭንሽ ላይ አስቀምጪው፣ አፌ ውስጥ ልትከቺው ነው እንዴ? ከዚያም ይሰማል።

*

በጃንሆይ ጊዜ ነው። ያኔ ሆሳዕና አሁን እንደምታያት አልነበረችም፤ ገበያው፣ ጥቂት የቆርቆሮ ቤት፣ ፍርድ ቤቱ፣ ክሊኒኩ፣ ከዚያ በኋላ እንሰት ነው። ወፍጮ አንድ ነበር፣ ከገበያው በላይ ስለሆነ ላይኛው ወፍጮ እንለው ነበር። ታዲያ አያትሽ ሄራሞ ሾኔ አጠገብ የነበረውን የአባቱን መሬት፣ ድርሻውን ለወንድሞቹ በገንዘብ ለቀቀና ሌላ ሰው የሠራበት ወፍጮ ገዛ፣ ድንጋዩን ብቻ አዲስ አስደረገ፣ በጭነት መኪና አስመጣውና ከገበያው በታች ተከለው። መሬት ለቆ ብረት! እና መመለሻ የለንም ማለት ነው፣ ይገባሻል? ወፍጮው ካልፈጨ ሄደን የምንገባበት የለንም።

እኔ ደግሞ ከጥቂት በጎች ሌላ ያለችኝ ሻሼ ነች። ሻሼ ላሜ ነች፤ ግንባሯ ላይ ሻሽ ያሰረች የሚያስመስላት ነጭ ነበረባት፣ ስዳር ከአባቴ ቤት ከቦኖሻ ይዣት የመጣሁ። ለእናንተ ላም ማለት ወተት ነው፣ ወተት ማለት ደግሞ ከሱቅ በላስቲክ የሚገዛ ነው። ለእኛ ግን ላም ማለት ዊጆ ነው። ዊጆን ታውቂዋለሽ? አታውቂውም፣ ምኑን ታውቂያለሽ። የሰፈር ሴቶች ሁላችንም ወተታችንን ለአንዷ እናፈስላታለን፣ እሷ ከዚያ ሁሉ ወተት ቅቤ ታወጣለች፣ በሚቀጥለው ደግሞ ለሌላዋ እናፈሳለን፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ተራው ይዞራል። ለብቻሽ ብትንጪ የሚወጣው ለፀጉርሽ እንኳ አይበቃም፤ ተራሽ ሲደርስ ግን የቤትሽ ሽታ ይለወጣል። ታዲያ ዊጆ ቅቤ ብቻ እንዳይመስልሽ። ስትወልጂ የሚያርሱሽ እነሱ ናቸው፣ ስትታመሚ ውኃ የሚቀዱልሽ እነሱ ናቸው፣ ሰው ሲሞትብሽ አጠገብሽ የሚቀመጡት እነሱ ናቸው። ላም የሌላት ሴት አታፈስም፣ የማታፈስ ሴት አትጠራም። አለቀ። ማንም አይሰድባትም፣ ብቻ አትጠራም።

ይህቺን ያዢልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

*

ወፍጮው ተተከለ፣ ሞተሩ ተነሳ፣ ሞተሩን ከድንጋዩ የሚያገናኘው ቺንጋ ዞረ፣ እና ማንም አልመጣም። ሴቶቹ እህላቸውን ተሸክመው በበራችን ያልፉና ዳገቱን ወጥተው ላይኛው ወፍጮ ይሰለፋሉ። ሄራሞ በሩ ላይ ቆሞ ያያቸዋል። እኔ ደግሞ ሄራሞን አየዋለሁ።

«ለምን አይመጡም?» ይለኛል።

«ጠይቃቸው» እለዋለሁ።

«ሴት መንገድ ላይ አስቁሜ ለምን ወፍጮዬን አልፈለግሽም ልበል? እኔ?»

«እኔ ልጠይቃቸው እንግዲህ።»

«ተይ። የንግድ ነገር ነው።»

የንግድ ነገር ነው! እና ንግዱን የሚያውቅ ሰው መጣለት። ደሳለኝ ይባላል፣ የአያትሽ የአጎቱ ልጅ፣ አዲስ አበባ መርካቶ አካባቢ ጥቂት ከርሞ የተመለሰ። ምን ሠርቶ እንደከረመ እስከ ዛሬ አላወቅንም። ጥቁር መነጽር ነበረው፣ ቤት ውስጥም አያወልቀውም፣ አንድ ጊዜ በርጩማው ላይ የሚቀመጥ መስሎት ድመቴ ላይ ሊቀመጥ ነበር። ታዲያ ይህ ሰው ነው ለእኛ የንግድ ዓይን የሆነው።

«ወንድሜ ሄራሞ!» ይላል፣ እጁን እንዲህ እንዲህ እያደረገ፣ «ዘመኑ የማስታወቂያ ነው! አዲስ አበባ አንድ ሰው ሱቅ ሲከፍት መጀመሪያ ታፔላ ነው የሚሰቅለው። ታፔላ የሌለው ንግድ ስም የሌለው ልጅ ነው!»

«ስም የሌለው ልጅ» ይላል ሄራሞ፣ አፉን ከፍቶ።

እኔ ከጓዳ ሆኜ «ስም የሌለው ልጅም ጡት ይጠባል» አልኩ።

«እታለም» አለኝ ደሳለኝ፣ እየሳቀልኝ፣ «ንግድ እኮ የሴት ወሬ አይደለም።»

እና በጎቼ ተሸጡ። በጎቼ ተሸጡና ሠዓሊ ከአዲስ አበባ መጣ፣ የቤታችንን በር የሚያህል ላሜራ ላይ በቀይ ቀለም «ብርሃን ዘመናዊ ወፍጮ ቤት» ብሎ ጻፈ። ደሳለኝ አልበቃውም፣ «ከላይ አንበሳ ይሁንበት፣ ግርማ ይሰጠዋል» አለ። አንበሳ ተሣለ። አንበሳው የጎረቤታችንን ውሻ ነበር የሚመስለው፣ ግን አንበሳ ነው ተባለ። ከጣሪያው ጫፍ ላይ ሰቀሉት፣ ከሩቅ እንዲታይ።

አሁን አንቺ ንገሪኝ፣ እህል ጀርባዋ ላይ የተሸከመች ሴት የት ነው የምታየው? ተነሽና እስቲ አንድ ጆንያ ተሸክመሽ ቀና በዪ! አንገትሽ ይሰበራል። የእግሯን ጣት ነው የምታየው፣ የፊተኛዋን ሴት ተረከዝ ነው የምታየው። ታፔላውን ያየው ማን ነው? ባዶ እጁን የሚሄድ ሰው። ባዶ እጁን የሚሄድ ሰው ደግሞ ምን ያስፈጫል?

ያዩትም ቢሆን ወይ ጉድ። ያኔ ሆሳዕና ውስጥ በቀይ ተጽፎ አንበሳ ያለበት ነገር የሚሰቀለው የመንግሥት ቤት ላይ ብቻ ነው። ታዲያ አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ አህያቸውን ስንዴ ጭነው ከታች መጡ፣ ሄራሞ ደስ ብሎት በሩ ላይ ቆመ። ሽማግሌው ታፔላውን አዩ፣ ቆሙ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ለአንበሳው እጅ ነሱ፣ አህያቸውን አዞሩና በመጡበት ተመለሱ። ሄራሞ ሮጦ ደረሰባቸው።

«አባቴ! ወፍጮ እኮ ነው! ይግቡ!»

«የዘንድሮን ከፍያለሁ፣ ጌታዬ» አሉት።

«ምኑን?»

«ግብሩን። ከፍያለሁ። ደረሰኙ ቤት ነው ያለው።»

ሳቂ፣ ሳቂ። እኔ ያን ቀን አልሳቅሁም። ሌላዋ ደግሞ ልጇን አዝላ መጥታ «የክትባቱ ቀን መቼ ነው?» አለችን። በጎቼን ያህል ነገር ለክትባት!

*

ታዲያ ሰው አንድ ጊዜ ሲሳሳት ይማራል አይደል? ደሳለኝ አልተማረም፣ የሚሳሳተው በሌላ ሰው በግ ነዋ።

«ችግሩ ገባኝ» አለ። «ሰዉ አያነብም። ለማያነብ ሰው ጆሮው ነው መንገዱ። ጥሩምባ እናስነፋ! በገበያ ቀን ጠዋት ጥሩምባ ይነፋል፣ ከዚያ ምርቃት ይደረጋል፣ ሹማምንቱ ይጠራሉ፣ ሥጋ ይበላል፣ ስም ይወጣል!»

ከተማው ውስጥ ጥሩምባ ያለው አንድ ሰው ነው፣ አቶ ጩፋሞ። የእድሩ ጥሩምባ ነፊ። ሰው ሲሞት ገና ጎህ ሲቀድ ተነስቶ በየሰፈሩ እየዞረ የሚነፋ፣ እከሌ አርፏል የሚል። በሠርግ ነፍቶ አያውቅም፣ በዓል ላይ ነፍቶ አያውቅም፣ ሥራው ሞት ነው። እሱ ራሱ እንኳ ደነገጠ። ቤታችን መጥቶ ጥሩምባውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል።

«አያ ሄራሞ» አለ፣ «እኔ እኮ የምነፋው ለሞት ነው።»

«ጥሩምባ ጥሩምባ ነው» አለ ደሳለኝ።

«ሰዉ ይደነግጣል።»

«ይደንግጥ! ደንግጦ ይመጣል! ማስታወቂያ ማለት እኮ ይኸው ነው!»

ጩፋሞ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺስ ምን ትያለሽ?» አለኝ። ከሦስቱ ወንዶች እኔን የጠየቀኝ ጥሩምባ ነፊው ብቻ ነው። «እኔማ የንግድ ነገር አላውቅም፣ ተብያለሁ» አልኩት። እልህ ይዞኝ ነበር። እና የሻሼ ጊደር፣ የመጀመሪያ ልጇ፣ ለምርቃቱ ታረደች።

ታዲያ የገበያው ቀን ጠዋት ሄራሞ ጎህ ሲቀድ ሞተሩን ላሰናዳ ብሎ ወጣ። እኔ ጓዳ ውስጥ ሥጋውን እያበሰልኩ ነው። ጥሩምባው ተነፋ። መነፋቱን አውቃለሁ፣ ለምን እንደሚነፋ አውቃለሁ፣ ግን ያን ድምፅ ስሰማ ማማሰያዬን ጣልኩ። ጩፋሞ ምን ያድርግ፣ አፉ የለመደውን ነው የሚያወጣው። «ያልሰማህ ስማ! ያልሰማህ ስማ! የገበያው ሥር ነዋሪ አቶ ሄራሞ…» አለ። ከዚያ በኋላ ምን እንዳለ የሰማ ሰው የለም። ዛሬ ወፍጮ ቤታቸውን ያስመርቃሉና ኑ ብሎ ነበር፣ ኋላ ማለልን። ግን ጥሩምባ ተነፍቶ የሰው ስም ከተጠራ በኋላ ማን ቆሞ ያዳምጣል? ስሙን ሰምተው ጮኹ!

መጀመሪያ የጎረቤት ሴቶች ገቡ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ደረታቸውን እየመቱ። «እህቴን! ምን ይሻልሻል! ልጆችሽን ይዘሽ የት ትገቢያለሽ!» አቀፉኝ። እኔም፣ ማርታ፣ እኔም ጮኽኩ! የጥሩምባውን ነገር የማውቀው እኔ፣ ቺንጋው በላው፣ ሞተሩ መታው ብዬ፣ ሁሉም እያለቀሱ እኔ ምን ብዬ አላለቅስም? መሬት ላይ ተንከባለልኩ። ግቢው ሞላ፣ ጩኸቱ ከቤት ቤት ተቀባበለ፣ ወንዶቹ በበሩ በኩል ቆመው እንባቸውን ይጠርጋሉ፣ አንዱ «ደህና ሰው ነበር፣ ያ ታፔላ ነው የበላው» ይላል።

በዚህ መሐል አያትሽ ከራቫት አስሮ ገባ። እንግዶቹ ቀድመው መጡ ብሎ ደስ ብሎታል።

«ምን ሆናችሁ? ማን ሞተ?» አለ።

አንዷ ጮኸችና ወደቀች። እኔ ከመሬት ቀና ብዬ አየሁት።

«አንተ!» አልኩት።

«እኔ? መቼ?»

መቼ! እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነው ያገባሁት።

ታዲያ ለቀስተኛ እንዲሁ አይመለስም፣ ሥጋውም በስሏል፣ እና ተቀመጡ፣ በሉ። አያትሽ የገዛ ተዝካሩን በገዛ እጁ አስተናገደ። እየበሉ ደግሞ በጎን ያዩታል፣ ጥላ አለው ወይ ብለው ወደ እግሩ ያያሉ። ወሬው ግን ቀድሞ ሄዷል። በማግስቱ ከቦኖሻ ዘመዶቼ በመኪና ተጭነው እያለቀሱ መጡ፣ እነሱንም አበላን። ሹማምንቱ? አንድም አልመጣም። ለቅሶ ቤት ነው ብለው በኋላ እንደርሳለን አሉ።

ከዚያ በኋላ ወፍጯችን ስም ወጣለት። ደሳለኝ ስም ይወጣል ብሎ የለ? ወጣ። የሟች ወፍጮ ተባለ።

*

ደሳለኝ ምን አለ መሰለሽ? «ይህ እኮ ድል ነው!» አለ። «አሁን ሄራሞን የማያውቅ ሰው የለም!» እና ቀጠለ፣ አሁን የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው አለ፣ ከአዲስ አበባ ድምፅ ማጉያ የተጫነበት መኪና ይምጣ፣ ዘፋኝ ይምጣ፣ ሆሳዕናን አንድ ቀን እየዞረ ይዝፈን፣ ያን ጊዜ ሞቱ ይረሳል። ለዚህ የሚሸጥ ምን ቀረ? ሻሼ ቀረች። ደሳለኝ ሾኔ ወርዶ ገዢ አግኝቶ ነው የመጣ፣ ገዢው ቅዳሜ ለገበያ መጥቶ ሊወስዳት ነው።

ሄራሞ ይህን ሲነግረኝ ወደ ግድግዳው እያየ ነው።

«ላም እንደገና ይገዛል» አለኝ።

«ዊጆስ እንደገና ይገዛል?» አልኩት።

አሁንም ዓይኑን ከግድግዳው አላነሳም።

«ስማ» አልኩት፣ «በጎቼን ላሜራ አደረግሃቸው፣ ዝም አልኩ። ጊደሯን ለገዛ ለቅሶህ አረድካት፣ ዝም አልኩ። ሻሼ ከወጣች እኔ በዚህ ከተማ ሰው የለኝም። አንድ ነገር ብቻ ስጠኝ። ቅዳሜ እስኪደርስ አንተም ደሳለኝም አፋችሁን ዝጉልኝ፣ እኔ የምልህን አድርግ። ካልተሳካልኝ ገመዷን እኔው ራሴ ለሰውዬው አስይዘዋለሁ።»

ከግድግዳው ወደ እኔ ዞረና «ምን ላድርግ?» አለኝ። ካገባሁት ጀምሮ እንዲህ ብሎ ሲጠይቀኝ ያን ጊዜ የመጀመሪያው ነው።

ያ ሳምንት የዊጆ ተራው የእኔ ነበር። ሴቶቹ ወተታቸውን ይዘው መጡ። እያፈሰሱልኝ ሳለ ጠየቅኋቸው። በቃ፣ ጠየቅኋቸው! ከባድ ነገር ነው?

«ለምንድን ነው እኛ ጋ የማታስፈጩት?»

እርስ በርሳቸው ተያዩ። ከሁሉም ታላቋ እትዬ ሹሜ ነበሩ፣ አፋቸው ውስጥ ሁለት ጥርስ ብቻ የቀራቸው፣ አፋቸው ግን የማይዘጋ።

«እውነቱን ልንገርሽ?» አሉ። «ድንጋያችሁ አዲስ ነው። አዲስ ድንጋይ አሸዋ ያስበላል። ልጄን አሸዋ ላበላ ነው?»

«ይህን ለምን አልነገራችሁንም?»

«ማን ጠየቀን? ባልሽ አንበሳ ሰቀለ፣ ጥሩምባ አስነፋ፣ ድንጋዩ ታጥቧል ያለን ሰው ግን የለም።»

«ደግሞ» አለች ሌላዋ፣ ቀስ ብላ፣ «የሞተ ሰው ወፍጮ ነው ይባላል።»

እዪ እንግዲህ። ይህን ለማወቅ በጎቹም ጊደሯም ባላስፈለጉ ነበር።

«ይህ ቅቤ ይወጣል አይደል?» አልኳቸው። «አልሸጠውም። እናንተው ትበሉታላችሁ። ነገ በራሴ ገብስ፣ በእኛ ወፍጮ፣ እፊታችሁ አስፈጭቼ ገንፎ አገነፋለሁ። አሸዋ ካገኛችሁበት ድፉብኝ።»

*

በማግስቱ ሁሉም መጡ። ለገንፎው ነው የመጡት እንዳትዪ፣ ለማየት ነው። መጀመሪያ ሄራሞ ድንጋዩ እንዲታጠብ ያረጀ ማሽላ እየደጋገመ በድንጋዩ ላይ አሳለፈ፣ ያንን አሸዋውን ምኑን ለዶሮ ደፋነው። ከዚያ ገብሴን አስገባ። እትዬ ሹሜ ወንፊት ይዘው መጥተዋል፣ ዱቄቱን እየነፉ ጣታቸውን እየከተቱ ያሻሉ፣ አፍንጫቸው ሁሉ ነጭ ሆኗል። ሁሉም ነገር ደህና እየሄደ ነው፣ እና ሄራሞ ሞተሩን አጥፍቶ ከውስጥ ብቅ አለ።

ከራሱ እስከ እግሩ ዱቄት! ፀጉሩ ነጭ፣ ቅንድቡ ነጭ፣ ከንፈሩ ነጭ፣ ዓይኑ ብቻ ቁልጭ ቁልጭ። ሕያው መሆኑን ሊያሳይ የተጠራ ሰው ከመቃብር እንደወጣ ሆኖ መጣ። ሴቶቹ ወደ በሩ ሸሹ።

«ቁሙ!» አልኩ። «ሙት ይበላል?»

«አይበላም» አሉ።

«እንግዲያው ይቀመጥና አብሯችሁ ይብላ።»

አሁን ይህ ለአንቺ ምንም አይደለም። በዚያን ጊዜ ግን ወንድ ዊጆ ላይ አይቀመጥም፣ በሴቶች መሐል ተቀምጦ ከሴቶች ገበታ አይበላም፣ ከበላ መሳቂያ ስም ይወጣለታል። አያትሽ አየኝ። እኔ ወደ ሻሼ በረት አየሁ። ተቀመጠ። ገንፎው ቀረበ፣ መሐሉ ላይ ቅቤው ኩሬ ሠርቷል፣ እና አያትሽ ሲፈራ ይቸኩላል፣ ትልቅ ጉርሻ አንስቶ ዋጠ። እሳት ነው! እንባው ዱቄቱን እየሰነጠቀ በጉንጩ ላይ ወረደ።

«ዋጠ!» አለች አንዷ።

«አለቀሰ! ሙት አያለቅስም!» አለች ሌላዋ። አንዷማ ክንዱን በጣቷ ወጋችው። «ትኩስ ነው!» አለች፣ ተሳሳቁ።

ቀጥሎ እትዬ ሹሜ ጎረሱ። ሁሉም አፋቸውን ነው የሚያየው። በእነዚያ በሁለቱ ጥርስ ወዲህ ያደርጉታል፣ ወዲያ ያደርጉታል፣ ቆም ይላሉ፣ ያዳምጣሉ፣ እንደገና ያላምጣሉ። እኔ ቆሜያለሁ። ላሜ፣ ወፍጮው፣ ልጆቼ፣ ሁሉም በእትዬ ሹሜ ሁለት ጥርስ መሐል ነው ያለው። ዋጡ። አፋቸውን ጠረጉ።

«ሁለት ነበሩ» አሉ፣ «ሁለቱም አሉ። እስቲ ቅቤውን ወደዚህ አስጠጊው።»

ማንም ሂዱና ንገሩ አላላቸውም፣ አያስፈልግም። አንዷ እህቷ ቦኖሻ ናት፣ አንዷ ልጇን ሾኔ ድራለች፣ አንዷ ውኃ ወርዳ ከመመለሷ በፊት ሰፈሩን ታዳርሳለች። ቅዳሜ ጠዋት በሬን ስከፍት አህያ ነው፣ ሴት ነው፣ ጆንያ ነው፣ ሰልፉ እስከ ገበያው። ሄራሞ «ተራ! ተራ!» እያለ ይጮኻል። የሾኔው ሰውዬ ገመዱን ትከሻው ላይ ጥሎ መጣ፣ በሰልፉ መሐል እየተጋፋ «የላሟ ነገር?» ይላል፣ ሄራሞ የሚሰማበት ጆሮ የለውም፣ «ከኋላ ተሰለፍ!» ይለዋል። ቆሞ ቆሞ ባዶ ገመዱን ይዞ ሄደ። ሻሼ ያን ቀን ድርቆሿን እያኘከች አየችው፣ እኔም አየሁት።

እና ደሳለኝ መጣልሽ፣ መነጽሩን አድርጎ፣ ሰልፉን አይቶ እጁን አጨበጨበ።

«አላልኩህም?» አለው። «ታፔላው ሠራ! ማስታወቂያ ትንሽ ጊዜ ነው የሚፈልገው!»

አያትሽስ? ያ ከንፈሩ በገንፎ የተላጠ አያትሽ ምን አለ?

«እውነትህን ነው» አለ።

እስኪሞት ድረስ እንዲህ ነበር የሚለው። ሰው ሲጠይቀው ታፔላውን ያሳያል። ዊጆ ላይ ተቀምጦ ገንፎ መብላቱን አንድ ቀን ከአፉ አውጥቶ አያውቅም። ክፉ ሰው አልነበረም፣ ሠራተኛ ነበር፣ ጆሮውን ግን ሁልጊዜ የሚያውሰው ለማይረባ ሰው ነው።

*

አሁን መጨረሻውን ስሚ። ዓመታት አለፉ፣ ጃንሆይ ገና ዙፋናቸው ላይ ናቸው፣ እና አያትሽ ታሞ ሞተ። የእውነት። ጩፋሞ አርጅቷል፣ ግን ተነሳ፣ ጎህ ሲቀድ ጥሩምባውን ነፋ፣ «ያልሰማህ ስማ፣ የገበያው ሥር ነዋሪ አቶ ሄራሞ» አለ፣ እንዲያውም እያለቀሰ።

ማንም አልመጣም።

ሰዉ በየቤቱ ሰምቶ ምን ይላል? «ሄራሞ ደግሞ ሌላ ወፍጮ አስገባ!» ይስቃል፣ ቁርሱን ይበላል። እኔ ከሬሳው ጋር ቁጭ ብያለሁ፣ በሩን አያለሁ፣ ፀሐይ ወጣች፣ ባዶ። ጩፋሞ ሁለተኛ ዞረ፣ «እውነቴን ነው!» እያለ፣ የባሰ ሳቁበት። የመጣው አንድ ሰው ማን መሰለሽ? ደሳለኝ! ከራቫት አስሮ፣ መነጽሩን አድርጎ፣ ለምርቃት ለብሶ፣ በሩ ላይ ቆሞ «እንኳን ደስ ያላችሁ!» አለ። የዚያን ቀን ብቻ ነው መነጽሩን ሲያወልቅ ያየሁት።

ታዲያ ማን አመጣቸው? ያው ነዋ። እትዬ ሹሜ፣ ያኔ ጥርስ የሚባል ነገር የላቸውም፣ በዱላ ተነሱ፣ የዊጆው ሴቶች ተከተሏቸው፣ ቤት ለቤት ገቡ፣ «አይቼዋለሁ፣ በእጄ ነክቼዋለሁ፣ በርዷል፣ ተነሱ» አሉ። በቃ። ከሰዓት በኋላ ግቢው አልበቃ አለ፣ ከሾኔ መጡ፣ ከቦኖሻ መጡ። ጥሩምባው ሕያውን ሰው ገደለው፣ ሲሞት ደግሞ አላምን አሉት፤ ለሁለቱም መድኃኒቱ ሄዳ የነካች ሴት አፍ ነበር። እኔም ያን ቀን አሰብኩ፦ ሻሼን አሳልፌ ሰጥቼ ቢሆን ኖሮ ማን ነበር የሚወጣልኝ? ባሌን ከደሳለኝ ጋር ነበር የምቀብረው።

ታፔላውን ከቀብሩ በኋላ አወረድኩት። የበረት በር አደረግሁት፣ አንበሳውን ወደ ውስጥ አዙሬ። ጥጆቹ ይልሱት ነበር።

ስልክሽን አጥፍተሽ ምን ትያለሽ? «አያቴ፣ ታዲያ ባነሩን ምን ላድርገው? ብዙ ወጪ አውጥቼበታለሁ እኮ።»

አውርጂያ! ጥሩ ላስቲክ ነው፣ ሰፊ ነው። ግቢ ውስጥ ዘርጊውና በርበሬሽን አስጪበት። ሲደርቅ አስፈጪና ለጎረቤትሽ አቅምሺ፣ ለምን እንደማይገዙሽም ጠይቂ። ጥርስሽ ላይ ግን ድንጋይ አድርጊበት፣ ነፋስ እንዳይወስደው።